ሃያ ሦስት መንጠቆና አንድ ጆሮ

ካለፈው ወር ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ጆሮህን ምን ነካህ?» ይለኛል። ለአንዱ በር መታኝ ብያለሁ፤ ለሌላው ተባይ ነከሰኝ ብያለሁ። አሁን ለማን ምን እንዳልኩ መያዝ አቃተኝ። ስለዚህ ከረቡዕ እስከ እሑድ የሆነውን በቅደም ተከተል ጽፌ ብገላገል ይሻላል። ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ክላማዝ ወንዝ ድረስ መሄድ ለማትችሉ ይጠቅማችሁ ይሆናል። መሄድ ለማትፈልጉም፣ ካነበባችሁ በኋላ ሐሳባችሁን የምትቀይሩ አይመስለኝም።

ኦክላንድ መሃል ከተማ፣ በአንድ መኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እሰጣለሁ። ሥራው ለንባብ ይመቻል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ዓሣ ማጥመድ አነበብኩ። ለምን ዓሣ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ያደግኩት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው፤ በዚያ ወንዝ ውስጥ ከሳሙና አረፋ በቀር ሲዋኝ ያየሁት ነገር የለም።

ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የወሰደው ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት ነው። ትል አይሰካም፣ ሥጋ አይሰካም። መንጠቆው ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ ዝንብ እንዲመስል ይደረጋል። ሳልሞን የሚባለው ትልቅ ዓሣ በመከር ከባሕር ወደ ወንዝ ሲወጣ ይጎርሰዋል ተብሎ ይወረወራል። በዚህ ሙያ ሰዎች መካከል አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። መንጠቆ ሁሉ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ጥርስ አለችው። አንዴ ከገባች እንዳይወጣ አድርጋ የምትይዘው እሷ ናት። ግማሾቹ ይህች ጥርስ ትቅር ይላሉ፤ ዓሣውን መልሰው ሲለቁት አፉ እንዳይቀደድ። ሌሎቹ ጥርስ የሌለው መንጠቆ የዓሣ መሸኛ ነው ይላሉ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ። ጥርሷን በፒንሳ ጫን ማድረግ ብቻ ነው፣ ትተኛለች። ይህን አቋም የያዝኩት በሕይወቴ አንድም ዓሣ ሳልይዝ መሆኑንም እዚሁ ልናገር።

የጉዞ ጓደኛዬ ጋሽ ተስፋይ ከሌላው ወገን ናቸው። ምጽዋ ተወልደው ከአባታቸው ጋር በጀልባ ያደጉ ሰው ናቸው። እስከ አምና ድረስ ኦክላንድ ከእኔ ጎን ካለው ዳስ ውስጥ ይሠሩ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተው ሳን ሆዜ ልጃቸው ሰናይት ዘንድ ይኖራሉ። እኔን የሚጠሩኝ «ላይብረሪ» ብለው ነው።

«አንተ ላይብረሪ፣ የማትበላውን ዓሣ ለምን ትነካዋለህ?» ይሉኛል። «አፉን ወግተህ፣ አድክመህ፣ ፎቶ ተነስተህ፣ ከዚያ ‹ሂድ፣ ምሬሃለሁ›! ለመሆኑ ምን በድሎህ ነው የማርከው?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ካነበብኳቸው መጻሕፍት በአንዱም አላገኘሁም። ቢሆንም ክርክሩን አልተውኩም።

ዘንድሮ ጋሽ ተስፋይ የሄዱት ለክርክር አልነበረም። የልጅ ልጃቸው እሑድ ክርስትና ትነሣለች። ለድግሱ በገዛ እጃቸው ያጠመዱትን ሳልሞን ሊያቀርቡ ለቤተሰቡ ሁሉ ቃል ገብተዋል። ነገሩ የክብር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት «ያዝኩት» ብለው ያመጡት ዓሣ ሆዱ ሥር የፍሩትቬል ሰፈር ሱቅ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎ ተገኝቷል። ያገኙት ደግሞ የሰናይት አማት እትዬ ብዙነሽ ናቸው።

ረቡዕ

ከፍሩትቬል ጣቢያ በባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሳን ሆዜ ሄድኩ። የዓሣ ዘንጌን የያዝኩት ራሴ ከውሃ ቱቦ በሠራሁት መያዣ ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከአርባ ሲሆን ጥቁር ቀለም ቀብቼዋለሁ። ጥቁር መቀባቴ ስህተት ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቱቦውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ወንበር ቀየሩ። «ለዓሣ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ፉርጎ ቀየሩ። አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ቢሆን ተሳፋሪው ሁሉ «ምንድን ነው እሱ? እስቲ ክፈተው» እያለ ይከበኝ ነበር። እዚህ ሰው ይሸሻል እንጂ አይጠይቅም።

ሳን ሆዜ ስደርስ ምሳ ቀርቦ ነበር። ጽጌ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ምስርና ጎመን ነው። ቁጭ ከማለታችን እትዬ ብዙነሽ ጀመሩ።

«አቶ ተስፋይ፣ በጽጌ ዓሣ ሊያበሉን ነው?»

«ዓሣ የጾም ነው።»

«ደም አለው።»

«ቲማቲምም ቀይ ነው።»

«ግድ የለም፤ እስኪበላ መጀመሪያ ይያዛ! ዘንድሮም ከሱቅ ከሆነ ግን ወረቀቱን ላጥ አድርገው ያምጡት።»

ሰናይት ሕፃኗን እንዳቀፈች እስክታለቅስ ሳቀች። ጋሽ ተስፋይም ሳቁ። የጠቀለሉት ጉርሻ ግን እጃቸው ላይ ቆየ።

ከምሳ በኋላ የመንጠቆ ሣጥናቸውን ሰጡኝ። «አንተ ሥርዓት ታውቃለህ። በየመልኩ ደርድርልኝ፤ አደራ» ብለው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። ሣጥኑ ውስጥ ሃያ ሦስት ዝንቦች ነበሩ፣ ሁሉም የእጃቸው ሥራ። ላባው ለእንቁጣጣሽ የታረደው የገብስማ አውራ ዶሮ ነው። ሃያ አራተኛዋ ባርኔጣቸው ላይ ተሰክታ ነበር። ለሕፃኗ ማተብ ከተገዛው ሰማያዊ ሐር በተረፈው ክር የተሠራች ናት፤ የእሷ ድርሻ ናት ይሉ ነበር።

ፒንሳዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያውን መንጠቆ ጥርስ የጫንኩት የብረቱን ጥንካሬ ለማየት ነው። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ለማወዳደር። ለሦስተኛው ምክንያት መፈለግ ተውኩ። ሁሉም ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ተኙ። ሃያ ሦስቱም። ባርኔጣው ላይ ያለችውን የተውኳት ለእሷ አዝኜ አልነበረም፤ ሥሯ ጋሽ ተስፋይ እያንኮራፉ ስለነበር ነው።

ሲነቁ ልነግራቸው ነበር። ነቁ፣ ሣጥኑን ከፈቱ፣ በመጠንና በመልክ የተደረደረውን አይተው «እጅህ ይባረክ፣ ላይብረሪ» አሉኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

ሐሙስ

ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። መኪናቸው ዳገት ላይ የምትቆጣ አሮጌ መኪና ናት፤ በየሁለት ሰዓቱ ቆሞ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። በኦክላንድ አልፈን፣ ሪችመንድ የነዳጅ ማጣሪያውን ጭስ አሽትተን፣ ረጅሙን ድልድይ ተሻግረን ወደ ሰሜን ታጠፍን።

ሳንታ ሮዛ ስንደርስ ልነግራቸው ወሰንኩ። ሳንታ ሮዛ ላይ ግን ስለ አባታቸው እያወሩ ነበርና ወሬ ማቋረጥ ነውር ነው። ዩካያ ስንደርስ ብዬ ቀጠርኩ። ዩካያ ላይ መኪናዋ ተቆጣች። ዊሊትስ ስንደርስ ቆሎ አቀበሉኝ። ቆሎውን ያሰናዱት እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ እንዲያ እየተሳደቡም ስንቅ አላጎደሉብንም። እንዲህ እያልኩ የሰሜን ካሊፎርኒያን ከተሞች ስም በሙሉ ያልተናዘዝኩባቸው ቦታዎች አድርጌ አጠናኋቸው።

የዛፎቹ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ቀይ ግንድ ያላቸው ናቸው፤ አንዱን ለማቀፍ ሰባት ሰው እጅ ለእጅ መያያዝ አለበት። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ እዚህ ቢመጣ በሣር ይቆጠራል። ጋሽ ተስፋይ ቆመው ሽቅብ አዩና «ይህን ሁሉ ማን አጠጣው?» አሉ። እኔ ስለ ጉም ያነበብኩትን ማስረዳት ጀመርኩ። «እግዜር ብትል አጭር ነበር» ብለውኝ መኪና ውስጥ ገቡ።

ማረፊያችን ወንዙ ዳር ያሉ ስድስት የእንጨት ጎጆዎች ናቸው። ባለቤቷ ሚስ ዶርቲ የሚባሉ ነጭ ፀጉራም ባልቴት ናቸው፤ ምግብም እሳቸው ናቸው የሚሠሩት። የመመገቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከእንግዶቻቸው ገላ የነቀሏቸው መንጠቆዎች ተተክለውበታል። ከእያንዳንዱ ሥር ስምና የገላ ክፍል በትንሽ ወረቀት ተጽፏል፦ «ቢል፣ አውራ ጣት»፣ «ሬይ፣ አፍንጫ»፣ «የሬይ ሚስት፣ በሬይ ስህተት»። በጣም ሳቅሁ። ቆጠርኳቸውም፤ ሠላሳ አንድ ናቸው።

ለእራት ሥጋ ያለበት ሾርባ አቀረቡልን። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማንበላ ነገርኳቸው።

«ሐኪም ነው የከለከላችሁ?»

«እግዚአብሔር» አሉ ጋሽ ተስፋይ።

ሚስ ዶርቲ ጭልፋቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ። «ድንች ይፈቅዳል?»

ይፈቅዳል አልናቸው። ባቄላ ቀቅለው፣ ድንችና ሽንኩርት በዘይት ጠብሰው አመጡልን። የሌሎቹን እንግዶች ሾርባ አስጠብቀው ነው ይህን ያደረጉት። ማንም አላጉረመረመም።

ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌና አንድ ኪሱ የበዛ ሰደርያ የለበሰ ጎልማሳ ነበሩ። እነሱም ያንኑ የመንጠቆ ጥርስ ክርክር ይዘው ነበር። ጋሽ ተስፋይ «ይህን ጠይቁት፣ ሁሉን አንብቧል» ብለው በኩራት ጠቆሙኝ። እኔም ተነሥቼ አብራራሁ። ጥርስ የሌለው ቶሎ እንደሚገባ፣ ቁስሉ ትንሽ እንደሆነ፣ ክሩ ሳይላላ ከተያዘ ዓሣው እንደማያመልጥ ከምዕራፍ ምዕራፍ ተናገርኩ። ጎልማሳው ደስ አለው።

«እስካሁን ስንት ሳልሞን ለቀሃል?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አንድም።»

«ስንትስ ይዘሃል?»

«አንድም።»

«እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው ማንኪያቸውን አንሥተው፣ «ዓሣን ከዚህ ልጅ የበለጠ ያልጎዳ ሰው በመካከላችን የለም።»

ከሁሉም በላይ የሳቁት ጋሽ ተስፋይ ናቸው።

ዓርብ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሃ ውስጥ ነበርን። ብርዱን በአዲስ አበባ ሰው ቋንቋ ልንገራችሁ፦ የሐምሌ ዝናብ ካልሲ ውስጥ ቢጠራቀምና ለሦስት ሰዓት ባይፈስ። ከእኛ ወዲያ ሌሎቹ ተደርድረዋል፤ ጉም ውሃው ላይ ተኝቷል። የእኔ ዝንብ ቁጥቋጦ ያዘ፣ ድንጋይ ያዘ፣ አንዴም የጎልማሳውን ሰደርያ ያዘ። ጥርስ ስለሌለው ከሰደርያው በቀላሉ ወጣ። ይህን ለጋሽ ተስፋይ እንደ ማስረጃ ላቀርብ ፊቴን ስመልስ ዘንጋቸው እንደ ቀስት ጎብጧል።

የማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩት የተያዘው ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ዓሣው ወደ ታች ሮጠ፣ ተመለሰ፣ አንዴ ከውሃው ወጥቶ ጎኑን አሳየን። ብርማ ነው፤ ጭራው አጠገብ የጣት አሻራ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለችው። ጋሽ ተስፋይ አልተቻኮሉም። ሲሮጥ ይለቁለታል፣ ሲቆም ይሰበስባሉ፣ በምጽዋ ቋንቋ የሆነ ነገር ያጉተመትሙለታል። በዳር ያሉት ሁሉ ክራቸውን ሰብስበው ቆሙ። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ዓሣው ጎኑን ሰጠ፤ ነጭ ሆዱ ታየ። እኔ መረቡን ይዤ አራት እርምጃ ያህል ቀርቶኛል።

ጋሽ ተስፋይ ያኔ ዘንጉን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አማተቡ።

ይህ የአባታቸው ሥርዓት ነው። መኪና ውስጥ ነግረውኝ ነበር። ዓሣ ሆዱን እስኪያሳይ ትታገለዋለህ፤ ሆዱን ካሳየ በኋላ ግን የተሰጠህ ነውና ሳትጎትተው ታመሰግናለህ። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ አድርገዋል። ዕድሜ ልካቸውን ደግሞ እጃቸው ለማመስገን ሲነሣ ዓሣውን የምታቆይላቸው ያች ትንሽ ጥርስ ነበረች።

ክሩ ላላ፤ ስንዝር ያህል ቢሆን ነው። መንጠቆው ሳሙና ከነካው ጣት እንደሚወጣ ቀለበት ሾልኮ ወጣ። ዓሣው ለትንሽ ጊዜ እዚያው ተጋድሞ ቆየ፤ ነጻ መውጣቱን ያወቀው ከእኛ በኋላ ነው። ከዚያ ጭራውን አንዴ መታና የለም።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ተስፋይ ክሩን ሰብስበው መንጠቆውን በጣታቸው ዳበሱ። ጣታቸው በብርድ ደንዝዟል፣ መነጽራቸው ጎጆ ቀርቷል።

«ቸኮልኩ» አሉ። «ላልተሰጠኝ ነገር አመሰገንኩ።»

«ጋሼ…» አልኩ።

«ተወው ልጄ። እሱ ያልሰጠውን ሰው አይወስድም።»

ልናገር የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። መረቡን አጥፌ ከውሃው ወጣሁ።

ማታ ሚስ ዶርቲ ድንቹን በሌላ ዓይነት ሠርተው አቀረቡ። ጋሽ ተስፋይ ገበታ ሲቀርብ ጮክ ብለው የሚባርኩ ሰው ናቸው፤ ዳስ ውስጥ ሳሉ እንኳ ሳንድዊች ሲከፍቱ የመጣው መኪና ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሳህኑን አዩና «ጸሎቱን አንተ በል» አሉኝ። አልኩ። አቡነ ዘበሰማያትን በዚያ ፍጥነት ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቅዳሜ

እስከ አራት ሰዓት አጥምደን ልንመለስ ነው። ንፋስ ተነሥቷል። ጋሽ ተስፋይ ትንሽ ሞከሩና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያችን በማተብ ክር የተሠራችውን ዝንብ ነቅለው ሰጡኝ።

«በዚች ሞክር።»

«ጋሼ፣ ይህቺ የሕፃኗ ናት።»

«ለዚህ ነው የምሰጥህ። ለእኔ ተዘግቷል። አንተ ንጹሕ ልጅ ነህ፣ ላንተ ይሰጥህ ይሆናል።»

ክሬ ላይ አሰርኳት። እጄ በልማድ ወደ ፒንሳው ሄደ። ያን ጊዜ እንኳ ሄደ! አፈርኩና መለስኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ መንጠቆ ጥርስ የራራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ውርወራ ንፋሱ ክሩን መልሶ አመጣው። ቀኝ ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ረቡዕ ሃያ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ሚስ ዶርቲ ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠው ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አዞሩት። «ሃኒ፣ አትነቃነቅ። ጥርስ አለው?» አሉ። ያለው መሆኑን ጆሮዬ ያውቃል። እሳቸው ግን ጥርሱ በየት በኩል እንደዞረ ማየት ፈልገው ጋሽ ተስፋይን «እስቲ የሱን መሰል አንድ አሳየኝ» አሏቸው።

ጋሽ ተስፋይ መነጽራቸውን አድርገው ሣጥኑን ከፈቱ። አንዱን አወጡ፣ ወደ ብርሃኑ አደረጉት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። መለሱት። ሌላ አወጡ። መለሱት። እኔ አንገቴን ማዞር ስለማልችል የማየው በዓይኔ ጥግ ነው። ረድፉን በሙሉ አንድ በአንድ ሄዱበት። እንዲህ በሥርዓት መደርደሬ ለዚህ ጠቀማቸው።

«ሁሉም?» አሉ በአማርኛ።

«ሁሉም፣ ጋሼ።»

«የትናንቱስ?»

ሚስ ዶርቲ በመንጠቆው ጉብጠት ላይ ጠንካራ ክር ጠምጥመው ነበር። «በሦስት እነቅለዋለሁ» ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ የነቀሉት ግን በሁለት ነው። «አዎ» ያልኩት ስድስቱም ጎጆ የሰማው ጩኸት ሆኖ ወጣ።

ሚስ ዶርቲ ቁስሉን አጥበው፣ በረዶ ይዘው፣ በነጭ ጨርቅ አሰሩልኝ። ወዲያው ወረቀት አውጥተው «ላይብረሪ፣ ጆሮ» ብለው ጻፉ፤ ስሜ ያ መስሏቸው ነው። መንጠቆውን ሊተክሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ጋሽ ተስፋይ «አይሆንም» አሉ። «የልጅ ልጄ ድርሻ ናት።» ደሙን በመሐረባቸው ጠርገው ባርኔጣቸው ላይ መልሰው ሰኩት። ወረቀቱ ግን ያለ መንጠቆ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ሠላሳ ሁለተኛ ነኝ።

ስንነሣ ሚስ ዶርቲ በጭስ የደረቀ ሳልሞን በጋዜጣ ጠቅልለው «ለሕፃኗ» ብለው በመስኮት አቀበሉን።

የመመለሻው መንገድ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። በዘጠኝ ሰዓት ውስጥ ጋሽ ተስፋይ የተናገሩት ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ «ቤንዚን» አሉ። ሁለተኛ «ያምሃል?» አሉ፤ አላመመኝም አልኩ፤ ያም ውሸት ነው። ሦስተኛው ሪችመንድ ድልድይ ላይ ነው።

«ብትነግረኝ ኖሮ ክሩን አላላላም ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ዓሣውን…»

«ዓሣው ገደል ይግባ!» አሉ። ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። «ትናንት ቀኑንም ሌሊቱንም ምን በደልኩህ እያልኩ እግዜርን ስጠይቅ ነበር። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ። ቆሎዬን እየበላህ።»

ከድልድዩ በኋላ ሳን ሆዜ እስክንደርስ ድረስ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። ስለዚህ አልጽፈውም።

እሑድ

ሕፃኗ ጠዋት ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሣች። በሰማያዊው ሐር ማተብ ታሰረላት። ድግሱ ሳን ሆዜ ነው። ቄሱ ሌላ ክርስትና ስለነበረባቸው አልመጡም። ሠላሳ የሚሆን ሰው የኪራይ ወንበር ላይ ተደርድሯል። ገበታው መሃል፣ ዓሣው ሊቀመጥበት የተሰናዳው ትልቅ ሳህን የሚስ ዶርቲን ጥቅል ይዞ ተቀምጧል።

እትዬ ብዙነሽ ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው አዩ። «ይኼ ደግሞ ደርቆ ነው እንዴ የተያዘው?»

«ዶርቲ ናት የሰጠችን» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «የኔ አመለጠኝ።»

«ዶርቲ ማን ናት?»

«ያረፍንባት ሴትዮ።»

«እንዴት ያለው ነው! ዓሣ ላምጣ ብለው ሄደው ዶርቲን አገኙ!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ያመለጠውስ ስንት ክንድ ነበር? ያመለጠ ዓሣ መቼም ትንሽ ሆኖ አያውቅም።»

ጋሽ ተስፋይ አንድ ቃል ቢናገሩ ሳቁ ሁሉ ወደ እኔ ይዞር ነበር። ጆሮዬ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለዚሁ ተዘጋጅቶ ነበር። አልተናገሩም። ፈገግ አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ሰናይት «አባ፣ ይባርኩልን» አለች።

ሁሉም ተነሣ። ጋሽ ተስፋይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆዩ። «ዛሬ ሌላ ሰው ይበል» አሉ።

አያት ሆነው፣ በልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ! ሰናይት ደነገጠች።

ከሦስት ሰው በላይ ፊት መናገር አልችልም። ሚስ ዶርቲ ዘንድ የተናገርኩት ለማላውቃቸው ሰዎች፣ በመጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ አይቆጠርም። እግሬ ግን ቀድሞኝ ወደ ፊት ወጣ። «ዓሣው ነበረ» አልኩ። «ያመለጠውም በእኔ ነው።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ሣጥኑን፣ ፒንሳውን፣ ባርኔጣውን ሲያወልቁ ክሩ እንዴት እንደላላ። ቃል ሲጠፋኝ ደብተሬን አወጣሁና አነበብኩላቸው፤ ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ጭራው ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ። ወደ ጋሽ ተስፋይ ዞሬ «የእርስዎ ምስጋና አልነበረም፣ ጋሼ። የእኔ ፒንሳ ነው» አልኩ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሰናይት። «ሃያ ሦስቱንም?»

«ሃያ ሦስቱንም።»

እትዬ ብዙነሽ ጆሮዬን አዩ፣ ደብተሩን አዩ። «አቶ ተስፋይ፣ እውነቱን ነው?»

«ይህ ልጅ ብዙ ነገር ይደብቃል» አሉ ጋሽ ተስፋይ ቀስ ብለው። «ቁጥር ግን አይዋሽም።»

እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ያን የሱቁን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ሁላችሁም ስሙኝ፣ ትቼዋለሁ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «የዶርቲን ግን አልተውም። በሉ፣ ይባርኩ እንጂ! ወጡ ቀዘቀዘ።»

ጋሽ ተስፋይ ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ አኖሩ። ባረኩም። የዓርቡን፣ የቅዳሜውን፣ የእሑዱን ሁሉ አጠራቅመው ነው መሰለኝ ወጡ በእርግጥ ቀዘቀዘ። ማንም አላቋረጣቸውም።

ሚስ ዶርቲ የሰጡንን ዓሣ እንግዶቹ ጨረሱት። እትዬ ብዙነሽ በጽጌ ዓሣ እንደማይበሉ፣ ቢያዝም ኖሮ እንደማይቀምሱት ያን ጊዜ ተናገሩ።

ልሄድ ስነሣ ጋሽ ተስፋይ በር ድረስ ሸኙኝ። ሰማያዊዋን ዝንብ በቡሽ ላይ ሰክተው መዳፌ ላይ አኖሯት። የደሜ ምልክት ሐሩ ላይ ትንሽ ቀርቷል።

«እስከሚመጣው መስከረም አንተ ጋ ትቀመጥ» አሉ። «አደራ። እንዳለች።»

አቋሜን አልቀየርኩም፤ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ይሻላል እላለሁ፤ ጆሮዬም ይመሰክርልኛል። ዝንቧ ግን ፍሩትቬል መኝታ ክፍሌ መስኮት ላይ ከነጥርሷ ተቀምጣለች። ፒንሳዬን ጎረቤቴ ለአንድ ቀን ብሎ ተውሶኝ ነበር። አራት ሳምንት ሆነው። መልስልኝ አላልኩትም።